ከመቶ አስራ ሁለቱ

ሳያት ያን ሰሞን አርፋ መቀመጥ አቃታት። ከደሴ ሐዋሳ ድረስ የመጣችው የማስተርስ ጥናቷን በስኳር ድንች ቫይረስ ላይ ለመሥራት ነበር። የቫይረሱ ዘር አር ኤን ኤ ነው፤ መለኪያው የሚያነበው ግን ዲ ኤን ኤ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በኢንዛይም ወደ ዲ ኤን ኤ መገልበጥ አለበት። የእሷ ግን የሚገለበጠው ከመቶ አስራ ሁለቱ ብቻ ነው። የመመረቂያ ጊዜዋ ደግሞ ደርሷል።

ኢንዛይሙን ፍሪጅ ውስጥ ቆልፎ የሚጠብቀው የላብራቶሪው ቴክኒሻን በርናባስ ነበር፤ ዝምተኛ የሲዳማ ልጅ። ሁለት ወር አብረው ሠርተዋል። ቀና ስትል ዓይኑን ታገኘዋለች፤ ወዲያው ሁለቱም ያቀረቅራሉ። ከዚያ አላለፉም።

መብራት የሚመላለስበት ሳምንት ነበርና፣ ኢንዛይሙን ሙቀት ነክቶት ይሆናል ብላ ጠረጠረች። በርናባስን ሳትጠይቅ ለአማካሪዋ ለዶክተር ማቴዎስ ተናገረች። በማግስቱ በርናባስ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ሲወጣ የፍሪጁን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

ሦስት ቀን ስትንቆራጠጥ ከረመች። በአራተኛው ቀን መጠኑ የታወቀ አር ኤን ኤ ወስዳ ግማሹን በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹን በራሷ ናሙና ውስጥ አድርጋ በዚያው ኢንዛይም ሞከረች። ውሃው ውስጥ ያለው በደንብ ተገለበጠ፤ ናሙናዋ ውስጥ ያለው እምቢ አለ። ኢንዛይሙ ደህና ነበር። ሥራውን ያበላሸው እሷ ናሙናውን ያጠበችበት፣ ሳታደርቀው የተወችው አልኮል ነው።

ወዲያው ለዶክተሩ ደውላ ነገረቻቸው። ወደ ግምጃ ቤቱ ብትሄድ፣ ዕለቱ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ጨምበላላ ስለሆነ ዝግ ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣ በርናባስን ከፈለግሽ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ታገኚዋለሽ አላት።

በባጃጅ በረረች። ሕዝቡ መሀል ስትፈልገው ቆይታ፣ ከእናቱ ጋር ዛፍ ሥር ቆሞ አየችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትል። «ለዶክተሩም ተናግሬያለሁ።»

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ። አዎ፣ አበላሽቼዋለሁ ብትለኝ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ናሙናውን ሳላደርቅ የተውኩትም ቸኩዬ ነው። ለምሳ ልትወጣ ስትል አየሁህ፤ አብሬህ ልወጣ ፈልጌ።»

በርናባስ አቀረቀረ። ሳያት እጇን የምታደርግበት ጠፋት፤ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ዞራ ልትሄድ ነበር።

እናቱ ይህች ልጅ ማን እንደሆነች በሲዳምኛ ጠየቁት። እሱ ግን ሳያት እንድትሰማው በአማርኛ መለሰ።

«የምጠብቃት ልጅ ናት፣ እማዬ።»