ቁጣ የጫነው መኪና

ሰኞ ጠዋት ከቢሮአችን በር ፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ጎኑ በሙሉ ኤል ኢ ዲ ስክሪን ነው፤ ባለ ብርሃን ፊደላት ተከታትለው ይሮጡበታል። «የጠፋብንን መልሱ!» «ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አላችሁን!» የኛን ጌም ሲጫወቱ የሰበሰቡት ዕቃ በኛ ስህተት የጠፋባቸው ልጆች ተዋጥተው የተከራዩት ነው። የጌም ኩባንያዎች ሰፈር በሆነው ፓንግዮ ውስጥ የተቆጣ ተጫዋች ራሱ አይመጣም፤ መኪና ይልካል።

አለቃዬ ወይዘሮ ማ «ሄሪም፣ ውረጂና የሚለውን ሁሉ ፎቶ አንሺ» አሉኝ።

እኔን ግን ሹፌሩ ሳበኝ። ጥቅል ሩዙን እየበላ መጽሐፍ ያነባል። ቀኑን ሙሉ የሰው ቁጣ ተሸክሞ የሚውል ሰው ምን ያስብ ይሆን? አላስችል አለኝና ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

«ሥራዎ ከባድ ነው፤ የሰው ስድብ ጭኖ መዞር።»

«ስድቡ ቀላል ነው። የሚከብደው ማቆሚያ ማግኘት ነው» አለ ቀና ሳይል። «ደግሞ ወደኔ አይዩ። ከኩባንያ ሰው ጋር ሲያወራ የታየ ሹፌር ተገዛ ይባላል።»

«ታዲያ ወዴት ልይ?»

«ወደ ስክሪኑ። ፎቶ የሚያነሱ ይምሰሉ።»

አራት ቀን እንዲህ ሆነን አወራን፤ እኔ ስልኬን ስክሪኑ ላይ ደግኜ፣ እሱ በትንሹ ከተከፈተው መስኮት ጀርባ። ስሙ ኢንሶ ነው። ረቡዕ ላይ አንቱታው ቀረ። ሐሙስ እንደወደድኩት አወቅሁ፤ ተገዛ እንዳይባል ስንል ግን ስልክ እንኳ አልተለዋወጥንም።

የዚያኑ ቀን የኩባንያው ይቅርታ ተጽፎ አለቀ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ድረ ገጹ ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። ይቅርታው ከወጣ መኪናው ይሄዳል፤ ቀጣዩ ሥራው ሩቅ፣ ቡሳን ከተማ ነው፣ ለአንድ ወር።

«እስከ ሰኞ ባዘገየውስ?» አልኩት። «ማንም አያውቅም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየኝ። መጽሐፉን ዘጋ።

«ልጆቹ ሦስት ሳምንት ጠብቀዋል። በኔ ሰበብ አታስጠብቂያቸው። መሄዱ ቅር ይለኛል፣ በጣም ቅር ይለኛል፤ ግን አውጪው።»

ዓርብ በሰዓቱ አወጣሁት። ደረጃውን በሩጫ ወርጄ በሩ ጋ ስደርስ መኪናው «እናመሰግናለን» እያለ መታጠፊያውን ሲያልፍ አየሁት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ቡሳን እንዳለ ባውቅም ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ባለ ስክሪን መኪና ሁሉ ተከተልኩ። የሻምፑ ማስታወቂያ፣ የዘፋኝ ልደት፣ የጥርስ ሐኪም። ምን እንደሚሉ አላነበብኩም፤ ጋቢናውን ብቻ አይቼ እመለሳለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ወይዘሮ ማ መስኮቱ ጋ ቆመው «ደግሞ ምን አጠፋን?» አሉ። «ያ ሹፌር መጥቷል። መኪናው ግን የለም።»

ተነስቼ አየሁ። ኢንሶ በእግሩ መጥቶ በሩ ፊት ቆሟል፤ ወደ ፎቃችን አንጋጧል። እስከዚያ ቀን ከትከሻው በታች አይቼው አላውቅም ነበር። ረጅም ነው።

«ማነው የላከው?» አሉ ወይዘሮ ማ።

«ዛሬስ ማንም አልላከውም» አልኳቸውና ወረድኩ።