ጠማማው በር

«ይኼ ጣሪያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሾለው?» አሉ የሚጡ አባት፣ ከትከሻዋ በላይ ወደ ኮምፒውተሩ አጎንብሰው።

«ቤተ መንግሥት ነዋ፣ አባዬ! ጌም ላይ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

የትምህርት ቤቱ የጌም ውድድር ማስረከቢያ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ስምንት ሆኗል። አጠገቧ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዋ፣ የጦርነት ጨዋታ ስለሚወድ «ጄኔራል» የተባለው፣ ኮዱን ጨርሷል። ሥዕሉ የሚጡ ድርሻ ነበር። ድርሻ ይሁን እንጂ፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ቤተ መንግሥቱን ከአንድ የውጭ ጌም ገልብጣ ቀለሙን ብቻ ነው የቀየረችው። ይህን ደግሞ ለጄኔራል ትንፍሽ አላለችም።

አባቷ ግንበኛ ናቸው፤ ግንብ አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «ይኼማ በረዶ እንዲንሸራተት የተሠራ ጣሪያ ነው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች አገራቸውን ሳሉ፣ ደግ አደረጉ። እኛ ጋ በረዶ የት አለና? እዚህ ሰፈራችን ያለውን የራሳችንን የድሮ ቅጥር ብትስሉት ምን አለበት?»

ጄኔራል ሳቀ። «ያንን ፍርስራሽ? ጋሼ ደግሞ! ማን ይጫወተዋል?»

«ፍርስራሽ!» አባቷ ከፋቸው። «የቅጥሩ በር ለምን እንደጠመመ ታውቃለህ? ጠላት አንድ በአንድ እንዲገባ ነው። ያውም ቀኝ እጁ ከግንቡ ጋር እየተጋጨ፣ ጦሩን ማንሣት አቅቶት። ስጠግነው ስድስት ወር አየሁት።» ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ወጡ።

ሚጡ ትንሽ አሰበችና ጌሙ ውስጥ በግራጫ ሣጥኖች ብቻ ጠማማ በር ሠርታ ከኋላው ጠባቂዎች አቆመች። «እስቲ ግባ» አለችው።

ጄኔራል ገባ፤ ሞተ። ደግሞ ገባ፤ ደግሞ ሞተ። «ኧረ ይቺ በር ሰው ትበላለች! አሪፍ ናት!» ከዚያ ሰዓቱን አየ። «ግን መልክ የላትም። የሾለውን ቤተ መንግሥት እናስገባ፣ በእሱ እናሸንፋለን። ይኸው ፎርሙንም ሞልቻለሁ።»

«ሥዕሎቹ የማን ናቸው?» ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት «የራሳችን» ብሎ ጽፏል። ሚጡ ጣቷን መልሱ ላይ አሳረፈች።

«የራሳችን አይደሉም። ገልብጬው ነው።»

«ምን?»

«ቤተ መንግሥቱን። ከሌላ ጌም።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹እጅሽ ይባረክ› ስልሽ ዝም ብለሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«አዎ» አለች። ከዚያ ሐሳቧን ከመቀየሯ በፊት የሾለውን ጣሪያ ከነግንቡ ሰረዘችው።

ጄኔራል ቦርሳውን አነሣ። ሊሄድ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን የክፍሉ በር ጋ ቆሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ግራጫ ሣጥኖች ሲያይ ቆየ።

«የቅጥሩ ድንጋይ ቀለሙ ምንድን ነው?» አለ፣ አሁንም እንደተኮሳተረ።

ሁለቱም በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፣ በቅጥሩ አጠገብ ያልፋሉ። ሚጡ ግን ቀለሙን አላወቀችውም፤ እሱም አላወቀውም።

«እንሂድና እንየው» አለች፣ ጫማዋን እየፈለገች።