የዓርብ ደረጃ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ብገኝ የአብደራፊ ፀሐይ ምላሴን እንደ ቋንጣ ታድርቀው! ምስክር የሚሻ ካለም ሞተረኛው ፈንቴ በሕይወት አለ፤ ሄዶ ይጠይቀው።

በደርግ ዘመን፣ በሰሊጥ መከር ወቅት ነው። ደላላው ማሩ በአብደራፊ ትልቁ መጋዘን ውስጥ፣ ከጆንያ ክምር አናት ላይ ሞቶ ተገኘ። ክምር ስላችሁ ተራ ክምር አይምሰላችሁ፤ አሞራ እንኳ አናቱ እስኪደርስ መንገድ ላይ አንዴ ያርፋል። ማሩ ጠላቱ ብዙ ስለነበር የቀትር እንቅልፉን እዚያ ነበር የሚተኛው፤ ከወጣ በኋላም መሰላሉን ወደ ላይ ይስበዋል። ያን ቀንም መሰላሉ ከጎኑ እንደተጋደመ ነበር። የማሩ ራስ ግን በሚዛን ድንጋይ ተፈጥፍጧል።

«ክንፍ ያለው ነው የገደለው» ተባለ በአገሩ።

መቶ አለቃ አዱኛ ከጎንደር ተጠራ። አዱኛ ማለት እባብ ሲያልፍ አይቶ ቁርሱ ምን እንደነበር የሚናገር መርማሪ ነው። በዕድሜው ያመለጠው ነፍሰ ገዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወባ ስለሆነ በካቴና አይያዝም።

በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ከግቢ ውጭ፣ ዳስ ሥር ይበላል። ያን ቀን ግቢ ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አዱኛ መጀመሪያ ጥበቃውን ሽማግሌ አዛናውን አስጠራ። ሲመጡ ያነክሳሉ።

«አባት፣ ማሩን ይጠሉት ነበር?»

«የማይጠላው ማን አለ፣ ጓድ መቶ አለቃ? እኔስ መሞቱን ስሰማ አዝኛለሁ፤ ሌላ ሰው ስለቀደመኝ።»

«እግርዎን ምን ነካው?»

«ያ በላኝ» አሉና በከዘራቸው አመለከቱ። ከመሬት እስከ ክምሩ አናት የተዘረጋ፣ ጆንያ አሳፍሮ ሽቅብ የሚያወጣ የጎማ ቀበቶ ነው። ሞተሩ ሲጮኽ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ የተኛ ይነቃል። «ጆንያ ሳስተካክል የእግሬን ጣቶች ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ ሲዞር አጠገቡ የሚደርስ የለም።»

ሁለተኛው ነጋዴው ሐሚድ ነበር።

«ሰሊጥህን ከአሸዋ ቀላቅለሃል ብሎ ስሜን ያጠፋ ሰው ነው» አለ ሐሚድ። «ብገድለው ደስ ባለኝ፣ ወላሂ! ግን እስቲ እየኝ።» ሆዱን በሁለት እጁ ደገፈ። «ይኼን ተሸክሜ በየት በኩል ልብረር?»

ሦስተኛዋ የሠራተኞቹ ወጥ ቤት ዙፋን ነበረች። ሁለት ልጆቿ አብረዋት ቆመዋል። ትልቋ አይናዲስ የወንድሟን እጅ ለአፍታም አትለቅም፤ ሰፊ ገበያ መሃል የቆሙ ይመስላል። አዱኛ ይህን ልብ አለና ጠየቀ።

«አገርሽ የት ነው?»

«ጎጃም፣ ጌታዬ። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ እዚህ ነው የመጣሁት። ሌላ አገር አላውቅም።»

«ማሩንስ?»

«ወጡ ጨው በዛበት ሲል ነው የማውቀው።»

በመጨረሻ ከሠራተኞቹ ጋር ዳስ ሥር ሲበላ የነበረውን ፈንቴን ጠየቀው።

«በምሳ ሰዓት ሞተሩን ታጠፋለህ?»

«ኧረ አላጠፋም! አንዴ ከጠፋ በማኖቬላ አዙሮ ማስነሳቱ የጎረምሳ ወገብ ይቆርጣል። እኛ እስክንመለስ ባዶውን ይዞራል።»

አዱኛ ክምሩን ዞረው። በስተጀርባ በኩል ከአናት እስከ መሬት በወረደው ሸራ ላይ አቧራው በአንድ መስመር ተጠርጓል። ሳቀ። «መውረጃው ተገኘ» አለ።

በማግስቱ ቀትር ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበና ሞተሩን አስነሳ።

«ገዳዩ ክንፍ የለውም» ብሎ ጮኸ፣ ከሞተሩ በላይ። «መሰላሉ ከማሩ ጎን ተጋድሞ ነበር፤ በመሰላል አልወጣም። የጆንያው ግድግዳ ጥፍር አያስይዝም፤ ቧጥጦም አልወጣም። ሲወርድ በሸራው ተንሸራቷል። የቀረው መውጫ ይህ ቀበቶ ነው! ማሩ ጩኸቱን ስለለመደው አልነቃም።»

«ሰው ይቆምበታል እንዴ?» አለ ሐሚድ።

«ሞክረው።»

ሐሚድ አንድ እግሩን ቢያሳርፍ ቀበቶው ወረወረው፤ ሲወድቅ አብደራፊ ተንቀጠቀጠች። አዛናው «እሰረኝ እንጂ አልወጣም» ብለው አማተቡ። ዙፋንም ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ኋላ አፈገፈገች። አዱኛ ሊያምናት ምንም አልቀረው።

ያን ጊዜ ትንሹ ልጇ በደስታ ጮኸ።

«አይናዲስ! የዓርብ ደረጃ!»

አይናዲስ የወንድሟን እጅ ይዛ፣ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ወጣች። ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመው ሽቅብ ሄዱ። ዙፋን ነጠላዋን ከዓይኗ ገፍፋ ጮኸች።

«እግራችሁን! ጫፉ ጋ ስትደርሱ እግራችሁን አንሡ!»

ልጆቹ እኩል ዘለው ክምሩ ላይ አረፉ።

«እንዲህ ያለ ደረጃ ጎጃም የለም፣ ዙፋን» አለ አዱኛ። «ዓርብ ዓርብ የት ነበር የምትወጡበት?»

ዙፋን አሁን አልፈራችም።

«ጅዳ። ሙሉ ከተማ የሚያህል ሱቅ ነበር፤ ውስጡ እንደ ዳባት ይበርዳል። የምንገዛበት አልነበረንም። ልጆቹን የምንወስዳቸው በራሱ በሚሄደው ደረጃ ሽቅብ ቁልቁል እንዲሉ ነው፤ ከዚያ አንድ አይስክሬም ለሁለት ይካፈላሉ። ማሩም እዚያ ቤታችን ነበር የሚያድረው፤ ከመሶባችን ነው የበላ። የባሌን የሾፌርነት ሥራ ፈለገውና የመኖሪያ ወረቀት የለውም ብሎ ጠቆመበት። እኔና ልጆቹ ደረጃው ላይ ወጥተን፣ ባሌ ሊከተለን እግሩን ሲያነሳ ፖሊሶች ከታች ያዙት። ማሩ በጣቱ ሲያሳያቸው አየሁት። መውረድ ፈለግሁ፤ ደረጃው ግን ወደ ላይ ይዞኝ ሄደ። ባሌ እስር ቤት ሞተ።» ቀበቶውን አየችው። «እዚህ ማሩ ሲያዘኝ ይውላል፤ መልኬ እንኳ ትዝ አላለውም። ያን ቀን ይኼ ነገር ባዶውን ሲዞር ሳየው፣ አሁንስ ወደ እሱ ነው የሚወስደኝ አልኩ።»

አዱኛ ካቴናውን አወጣ።

«ልጆቼስ?» አለች።

ልጆቹ ከላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ። ፈንቴ ሄዶ ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ ልጆቹን ቀና ብሎ አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በቀስታ፣ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ትናንት ያልኩት ይቅር፤ ያን ቀን ሞተሩ አልተነሳም። ናፍጣ አልነበረንም።»