ጥላውን ያልተከተለው ወንበር

ሟቹ ከገደሉ ሥር፣ ከአንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ወድቆ ነው የሞተው። መቼ እንደሞተ ግን አትጠይቂኝ» አላት መርማሪዋን። «እንዲህ በጋለ ድንጋይ ላይ የዋለ ሬሳ ሰዓቱን አይናገርም። ጠዋትም ሊሆን ይችላል፣ ከምሳ በኋላም።»

መርማሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሰንብቷል፣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል፣ የያዘችው ውሃም ለሻይ የደረሰ ነው። ሰው ስታናግር ሁለት ጊዜ ካላስወራች ስለማይሆንላት ባልደረቦቿ «እስቲ ይድገሙልኝ» ይሏታል። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ መስማቱም ታክቷታል። ይባስ ብሎ የአካባቢው ፖሊስ ዳገቱን እስክትወጣ እንኳ አልታገሣትም።

«ነገሩ ያለቀ ነው፤ ሾፌሩ ነው» አላት።

ድንኳን ይዘው የወጡት አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሟቹ፣ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና እህታቸው። ሚኒባስ ከነሾፌሩ ተከራዩ። ትናንት የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቶ መኪናው በዚህ ሜዳ ቆመ። ሟቹም ጥፋቱ ሁሉ የሾፌሩ ነው ብሎ ሲሰድበው አመሸ። ዛሬ ሾፌሩ በማለዳ ተነሥቶ ቱቦ ፍለጋ በእግሩ ወደ ከተማ ወረደ።

«ጋራዡ ጋ ደውያለሁ፤ ረፋዱን እዚያው ነው ያሳለፈው» አለ ፖሊሱ። «ከምሳ በኋላ ተመለሰ፣ ተጣሉ፣ ገፈተረው። ወንድምየው በዓይኑ አይቷል።»

ሾፌሩ በካቴና ታስሮ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል።

«ሲመለሱ ሟቹን አግኝተውታል?» አለችው።

«አላገኘሁትም። የት ነው ስል ታናሽየው 'ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው' አለኝ። እኔም ቱቦዬን መግጠም ጀመርኩ።»

«ሌላ ማን ሰማ?»

«ማንም። ሦስት ሆነው ገዳይ ነው ሲሉኝ እኔ ብቻዬን ምን ልበል? ማምሻውን እስር ቤት ነኝ። ከዚያ ማን ያወጣኛል?»

መርማሪዋ ላቧን ጠርጋ ወደ ድንኳኑ አመራች።

የሟቹ ሚስት በድንኳኑ ደጃፍ በእርጥብ ፎጣ ግንባሯን አስራ ተጋድማለች። ከጠዋት ጀምሮ ራስ ምታት ጥሏት ከዚያ ስላልተነሣች አንዳች አላየችም። ያም ሆኖ ከመፍረድ አልቦዘነችም።

«ገዳዩ እሱ ነው! ፊቱን አያዩትም? አሁኑኑ ከፊቴ ውሰዱልኝ!»

«ባለቤትዎ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?»

«ያላዘዘው ነገር አይሆንም። ጉዞውን ያወጣ እሱ፣ ምሳውን የመረጠ እሱ። የማይታዘዝለት ፀሐይ ብቻ ነበር። መላጣውን ትንሽ ከነካው ቀኑን ሙሉ ሲያማርር ይውላል።»

ታናሽ ወንድምየው ዓይኑ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ምሳውን እኔ ነኝ የወሰድኩለት። ከዛፉ ሥር፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ በላ። ሳህኑን ተቀብዬው ስመለስ ሾፌሩ መጣ። እየተጨቃጨቁ ወደ ገደሉ ሄዱ፤ ሾፌሩ ብቻውን ተመለሰ።»

«እስቲ ይድገሙልኝ። ወንበሩ ላይ?»

«ወንበሩ ላይ አልኩዎት እኮ! ስንቴ ልናገር?»

በሜዳው ላይ ያለው ዛፍ አንድ ብቻ ነው። መርማሪዋ ዞረችው። ከዛፉ በስተምሥራቅ፣ ጥላው ውስጥ፣ ሁለት ተጣጣፊ ወንበሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከምዕራብ በኩል ተጎትተው እንደመጡ አቧራው ላይ የቀረው መስመር ይናገራል። ሦስተኛው ወንበር በስተምዕራብ ብቻውን ቀርቷል፤ ብረቱ እጅ ያቃጥላል። አረፍ ልትልበት ሻል ወዳለ ቦታ ልትስበው ስትል ከኋላዋ ጩኸት ሰማች።

«እንዳትነኪው!»

እህትየው ነበረች። ወዲያው አፏን ያዘች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። የጋሼ ወንበር ነው። አባታችን ያወጣው ሕግ አለ። ሽርሽር ስንወጣ ጥላው በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ የራሱን ወንበር ራሱ ያዞራል። የሌላውን የነካ የሁሉንም ሳህን ያጥባል። ጋሼ ደግሞ ከአባታችን ይብስ ነበር፤ ስንትና ስንት ሳህን አሳጥቦናል!»

«ጋሼ ምሳ ሲበሉ አይተዋል?»

«እኔ ከመኪናው ወዲያ ሳበስል ነበር። ታናሼ ሳህኑን ሞልቶ ወሰደ፣ ባዶውን መለሰልኝ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ከዛፉ ሥር ሰበሰበች። ጥላው ለሁሉም አይበቃም፤ ተገፋፍተው ቆሙ።

«ቶሎ ልጨርስላችሁ፤ እኔም ሞቆኛል» አለች። «ጠዋት የዚህ ዛፍ ጥላ በስተምዕራብ ነበር። ሦስቱም ወንበሮች እዚያ ነበሩ። ፀሐይዋ ስትዞር ወንድምና እህት ወንበራቸውን ይዘው ወዲህ ተሻገሩ። የሟቹ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከፀሐይ የሚሸሽ ሰው ወንበሩን ለምን አላዞረም?»

«ተነሥቶ ሲንሸራሸር ይሆናላ» አለ ፖሊሱ።

«ይሆን ነበር። ነገር ግን ወንድሙ ምሳውን ወንበሩ ላይ ሆኖ በላ ይሉናል። በምሳ ሰዓት ያ ወንበር ቀልጦ ሊፈስ ምንም አልቀረውም። መላጣውን ፀሐይ እንዳይነካው የሚሸሽ ሰው፣ ጥላው ከአጠገቡ እያለ፣ እዚያ ተቀምጦ ሳህን ይጨርሳል?»

መርማሪዋ በስተምዕራብ ወደቀረው ወንበር ጠቆመች።

«ምሳውን አልበላም። ወንበሩን ያላዞረው ያኔ በሕይወት ስላልነበረ ነው። የሞተው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ ሾፌሩ ከተማ ነበር። የሞተ ሰው ምሳ በላ የሚለን ጠዋት መሞቱን የሚያውቅ ሰው ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «ሁሉን ነገር አስበህበታል። ወንበሩን ጎትተህ ጥላ ውስጥ ብታስገባው ኖሮ ማንም አይጠረጥርህም ነበር። ግን የሌላ ሰው ወንበር አይነካም፤ ከልጅነትህ የለመድከው ነው። ወንድምህን ገድለህም ሕጉን አልጣስክም።»

እህትየው «አንተ?» አለች።

ታናሽየው ባለበት ቁጭ አለ።

«ልገድለው አልነበረም። ልጄን አተኩሷታል ተብሎ ተደወለልኝ። ከሾፌሩ ጋር ወርጄ በአውቶቡስ ልመለስ አልኩት። ከለከለኝ። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ሳለ ሄጄ ለመንኩት። 'አንተ መቼ ነው የምታድገው?' ብሎ ሳቀብኝ። ገፋ አደረግኩት፣ በቃ። ሙቀቱ ነው! ሙቀቱ ራሴን አዙሮኝ ነው!»

«መግፋቱን ሙቀቱ ያድርገው» አለች መርማሪዋ። «ሳህን ይዘህ ሄደህ ባዶውን መመለስህን፣ ይህን ሰው ካቴና ውስጥ መክተትህን ግን ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ ነው ያሰብከው።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሾፌሩ ፈትቶ ወደ ታናሽየው እጅ አዛወረው። ይቅርታ ያለ ሰው አልነበረም። ሾፌሩ አንጓውን እያሻሸ ወደ ሞተሩ ተመለሰና የቱቦውን ማሰሪያ ያጠብቅ ጀመር። የሟቹ ሚስት ዓይኗን ከእሱ ስታሸሽ ቆይታ በመጨረሻ ቀረበችው።

«አንተ፣ አትቀየመኝ» አለችው። «እንዲያ ያናገረኝ ሙቀቱ ነው።»

ሾፌሩ ከሥራው ቀና ሳይል መለሰላት።

«እኔንም ሞቆኝ ነበር፣ እትዬ። ማንንም ገዳይ አላልኩም።»