አበባ ላይ የሚሸጥ ቡና

ሕዝቅያስን መጀመሪያ ያየሁት ጭቃ ውስጥ ነው። የምርጫ ቅስቀሳ ሰሞን፣ ቴፒ መውጫ ላይ፣ ፎቶው የተለጠፈባት ባጃጅ ተቀርቅራ ራሱ ከኋላ ይገፋታል። እኔ ከአባዬ የቡና መረከቢያ ወደ ቤት እየሄድኩ ነበር። ምላሴ መች ያርፋል!

«አንተ ሰውዬ፣ ባጃጅ ማውጣት ያቃተህ እኛን ከምኑ ልታወጣን ነው?» አልኩት።

ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። «አብረሽኝ ግፊና እነግርሻለሁ።»

ገፋሁ። ነጠላ ጫማዬ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ፈልጎ አወጣው፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ሰጠኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ያቺ አፍታ ናት ጉድ የሠራችኝ።

ተመርጦ አዲስ አበባ፣ ተወካዮች ምክር ቤት ገባ። ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ ግን ይመጣል፤ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ከሰው ዓይን ራቅ ብለን ሻይ እንጠጣለን።

«ክቡርነትዎ፣ ዘንድሮም እጅ ሳያወጡ መጡ?» እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

«ላወጣ ስል ልቤ ይመታል ፋናዬ» ይለኛል። ከዚያ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «የቡና ግብይት ረቂቅ አዋጅ ቀርቧል። አንቺ ቡና ላይ ነው ያደግሽው፤ ምን ልበል?»

ነገርኩት። እኛ አገር የቸገረው ገበሬ ቡናውን ገና አበባ ላይ እያለ ለነጋዴ ይሸጣል። ፍሬው ሲቀላ ለቅሞ የሚያስረክበው ለገዛው ሰው ነው፤ ዋጋው ሰማይ ቢነካ ለሱ ምኑም አይደለ። አባዬም እንዲሁ ነው የሚገዙት።

«አባትሽስ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የተመረጥከው ለአባቴ ብቻ ነው እንዴ?»

እንዲህ ስል የሚከተለው አልጠፋኝም። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑንም አውቃለሁ። ግን እውነት እውነት ነው።

ስብሰባው በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈ ዕለት አባዬ ጎረቤት ሁሉ ጠርተው ነበር። እሑድ ሽማግሌ እንደሚመጣ ጭምጭምታው ደርሷቸው በግ እንኳ አስረዋል። «አማቼ ሊናገር ነው!» ብለው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

ሕዝቅያስ እጁን አወጣ። «ክቡር አፈ ጉባዔ፣» አለ፣ «እኔ በመጣሁበት አካባቢ ገበሬው አበባውን ይሸጣል፤ ፍሬውን ለሌላ ሰው ይለቅማል። ይህን የሚያስቀር አንቀጽ ይግባበት። የቸገረውም ሰው ሌላ መላ ይበጅለት።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ጎረቤቱ አባዬን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አባዬ ቴሌቪዥኑን ዘጉት።

«አባቱ አበባቸውን ለማን እየሸጡ ነው ያስተማሩት? ለኔ አይደል? ወጪት ሰባሪ!»

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባዬ ከግቢው በር አላሳለፏቸውም። «በዚያው ማይክሮፎን ተሳስቼ ነው ይበል። ያኔ እንነጋገራለን» ብለው መለሷቸው።

ሕዝቅያስ ወሬው እንደደረሰው ሚዛን ከተፍ አለ። ከስቷል።

«እላለሁ» አለኝ። «አንቺን ከማጣ፣ ተሳስቻለሁ ብል ምን እሆናለሁ?»

እጁን ያዝኩት። እወደዋለሁ። «ካልክ አላገባህም» አልኩት። «ዛሬ ገበሬዎቹን ከካድክ ነገ እኔንም ተሳስቼ ነው ያገባኋት ትላለህ። ደግሞስ የነገርኩህ እኔ መሆኔን ለአባዬ ለምን አላስነገርክም?»

«አባትሽ ናቸው» አለ፣ ጣቶቼን እያየ። «በኔ ይቀየሙ። እኔ ባዳ ነኝ፤ አንቺ ግን ያንን ቤት ማጣት የለብሽም።»

አፈር ልብላልህ! እያለቀስኩ ሳቅሁ። «ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ» አልኩት።

ተመልሰው መጡ፤ ጋሽ ጌታሁን ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ። በዚህ ጊዜ ሳሎን ገቡ። በወጉ ሽማግሌ ጥያቄው እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፤ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ቃሉን መለሰ?» አሉ አባዬ።

«አልመለሰም» አሉ ጋሽ ጌታሁን።

«እንግዲያው በሩ ያውላችሁ።»

ሴት ልጅ በሽምግልና መሃል አትገባም። እናቴ ማናልሞሽ ጓዳው በር ላይ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። አስለቅቄያት ገባሁ።

«አባዬ፣ የአበባውን ነገር የነገርኩት እኔ ነኝ።»

አባዬ ወደኔ ዞሩ።

«አበባውን የሸጡልዎት እትዬ ሰርካዲስ ቀኑን ሙሉ የለቀሙትን እሸት አስረክበው፣ ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው ሲሄዱ ፊታቸውን የማየው እኔ ነኝ። እርስዎ ያኔ ሌላ ሰው ያነጋግራሉ። ለእርስዎ ልነግር ስንቴ አፌን ከፍቼ ፈራሁ። ሕዝቅያስን አልፈራሁትም፤ ለሱ ነገርኩት። ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም። ከከፋዎት በኔ ይክፋዎት።»

አባዬ ረዘም አድርገው አዩኝ። ይመቱኛል ብዬ ነበር።

«እሱስ ይህን እያወቀ ነው ስምሽን ሳያነሳ ስድቤን ሁሉ የተሸከመው?»

«አዎ። በኔ ይቀየሙ አለ።»

አባዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «የመረጥነው እሱን ነው አንቺን?» ሲሉ ጋሽ ጌታሁን ሳቃቸው አምልጧቸው አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

«የአበባው ነገር ገና ያነጋግረናል» አሉ አባዬ። «አልወደድኩትም። ግን ለልጄ ብሎ የሚሰደብ ወንድ ከየት አመጣለሁ?» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ኧረ ተቀመጡ፣ ቆማችሁ ቀራችሁ እኮ!»

እናቴ ከጓዳ እልል አለች።

ጓሮ ወጥቼ ለሕዝቅያስ ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳው። «ምን አሉ?»

እኔ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ ዕንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ፋናዬ፣ እባክሽ! አባሯቸው?»

«ተቀመጡ አሏቸው» አልኩት።

የአገሩ ልጅ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀኝም። በዚያ ሁሉ የምክር ቤት አባል ፊት ያልተንቀጠቀጠ ሰው ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ሰማሁት።

«አይዞህ የኔ ጌታ» አልኩት፣ እኔም እያለቀስኩ።