ጭረት የመሰለችኝ መስመር

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይለፈው፤ አለመታመንን ለምጄዋለሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች። እናቴ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሳምንቷ ነው፤ ነፍሷ በክር እንደተንጠለጠለች ከጀርባዬ አልጋው ላይ ተኝታለች። ታላቅ እህቴ ስትወጣ እንዳልደነዝዝ፣ ዓይኔ ከእናቴ እንዳይነሳ አስጠንቅቃኝ ሄደች። በቤታችን ያለ ስድብ የተሰጠኝ ሥራ የለም።

እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ የእናቴን የእጅ ሰዓት እጠግናለሁ። ሙያውን የቀመስኩት አንድ ሰዓት ሠሪ በሚሰጠው ስልጠና ነው። በሰው ፊት “ይሄ እጅ የተፈጠረው ለዶማ ነው” ብሎ አሳቀብኝ። አልረሳሁለትም። ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል... የሰዓቱ ጥርስ የሚዞርባትን የቀጭን ዘንግ ጫፍ ስታለሰልስ፣ ጭረቱ ሲጠፋ አቁም። ካለፍክ ከፀጉር ትቀጥናለች፤ ቀጭ ትላለች።

ማጉያውን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። ከመርፌ የቀጠነችውን ዘንግ እያሽከረከርኩ ጫፏን በማለስለሻው ብረት ዳበስኳት። እንደ መስታወት አበራች።

አንዲት ጥቁር መስመር ግን ቀረች።

ጭረት ናት ብዬ ደገምኩ።

አልጠፋችም... ቦታ ቀየረች።

ትንፋሼን ያዝኩ። ብረቷ ላይ ቤታችን ይታያል። በሩ። ወንበሩ። አልጋው። መስመሯ ቅድም በሩ ጋ ነበረች... አሁን ወንበሩ ጋ ናት።

ትከሻ አላት።

ዞር አልኩ። ማንም የለም። በሩ እንደተቀረቀረ ነው።

“ማነው?” አለች እናቴ በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

“እኔ ነኝ እማዬ።”

“አንተን አይደለም።”

 ተመልሼ በማጉያው አየሁ...

ጥቁሩ ነገር አልጋው ራስጌ ደርሷል። ጎንበስ ብሏል።

ከብረቷ ላይ ካጠፋሁት ከቤቱም የሚጠፋ መሰለኝ። ሞኝ በሉኝ፤ አዲስ ስም አይደለም። እናቴን ሊወስድብኝ ነው! ጫፏን ፈተግኳት... ፈተግኳት...

ቀጭ።

ተሰበረች። አሁን የት እንዳለ የማይበት ነገር የለኝም።

“እማዬ... ተነሺ። እንውጣ።”

እናቴ ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ቦታ ለቀቀች።

ከጎኗ ያለው ፍራሽ ቀስ እያለ ጎደጎደ።