ከኋላ የከበደችው ጀልባ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ምን ይሠራልኛል?

ጊዜው ጥር 1961 ዓ.ም. ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቦታው ከሞጣ ቁልቁል፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ።

ጨለማን ብቻ የሚፈራ ሰው የበረሃ ቀትር አያውቅም...

ያኔ የጀልባ ሞተር ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራውን የተማርኩት ጣና ላይ ነው። የዓባይን ጥልቀት የሚለኩ አቶ ገብረ ሕይወት የሚባሉ ሰው ቀጠሩኝና አንዲት የቆርቆሮ ጀልባ በሸክም፣ ሞተሩን በበቅሎ ገደሉን አወረድን።

ሦስተኛችን ያየህ ይባላል። የሞጣ ሰው፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ የመለኪያውን ዘንግ የሚይዝ።

አገሩ አልወደደንም። ባለፈው ዓመት በግብር የተነሳ ደም ፈስሷል። የሚለካ ሰው ያዩ እንደሆነ መሬታቸውን ሊወስድ የመጣ ነው የሚመስላቸው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አለበል የሚባል ገበሬ ምንሽር ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል።

"እኛ የምንለካው ውሃ ነው" አሉት አቶ ገብረ ሕይወት።

"ዛሬ ውሃውን፣ ነገ ዳርቻውን" አለ። ሳቅ የለም። "ሦስት ሁናችሁ ወርዳችኋል። ከወዲያ ማዶ አራተኛ ሰው ብታሻግሩ... እተኩሳለሁ።"

ቀልድ አልነበረም።

ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዋን ውሃ ላይ አደረግናት።

በዝግታ ስንሄድ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ነዳጅ ስጨምርለት ግን... እስከ አሥር ልትቆጥሩ ትችላላችሁ፣ ያን ያህል ይጮኻል። ከዚያ ድምፁ ይወርዳል። ይደክማል። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይነሳል፣ ኋላዋ ይሰምጣል።

አንዴ። ሁለቴ። አምስት ጊዜ።

"ምን አደረግከው?" አሉኝ አቶ ገብረ ሕይወት።

"ምንም ጌታዬ።"

"ከነዚህ ሽፍቶች ጋር ተስማምተሃል። እስከ ቀትር ካልሠራኸው እጅህን አስሬ ነው ለፖሊስ የማስረክብህ!"

እውነታቸውን ነው። ያስሩኛል።

ሞተሩን ፈታሁት። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አወጣሁ፤ ንጹሕ ናቸው። የቤንዚኑን ማጣሪያ አጠብኩ። ቤንዚን የሚያስተላልፈው ጎማ ተጣሞ እንደሆነ በእጄ ዳሰስኩት፤ አልተጣመመም። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ብትደፈን ሞተር እንዲህ ይደክማል፤ በመርፌ ሞከርኳት፤ ክፍት ናት። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ አየሁ። ጭረት እንኳ የለውም።

ገጠምኩት። ያው ነው።

እንዲህ የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

ጭነት።

ያየህ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ከንፈሩ ደርቋል።

"አምባቸው... እኔ ከእንግዲህ እዚህች ላይ አልወጣም።"

"ምነው አያ ያየህ?"

"ስንፈጥን... ከኋላዬ ይተነፍሳል።"

"ከኋላህ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ።"

"አንተ በቀኜ ነህ" አለ በሹክሹክታ። "እሱ በግራዬ ነው።"

እኔም ልተዋት ፈለግኩ። ግን እስራቱን አሰብኩ።

ብቻዬን ልሞክራት ቆረጥኩ። አንድ ሰው ብቻ ይዛ ካልበረረች ጥፋቱ የሞተሩ ነው ብዬ።

ስድስት ሰዓት ሆኗል። ወፍ እንኳ አይጮኽም።

ነዳጁን እስከ ጥግ ሰጠኋት። በረረች! ደስ ብሎኝ ልጮህ ስል... መሀል ወንዝ ላይ ድምፁ ወረደ።

አፍንጫዋ ተነሳ።

ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ግን በግራ በኩል የጀልባዋ ጠርዝ ውሃውን ሊነካ አንድ ጣት ነው የቀረው...

እኔ በቀኝ በኩል ነበርኩ።

እንዴት አዙሬ እንደተመለስኩ አላውቅም። አሸዋው ላይ ዘልዬ ስወርድ አለበል ቆሟል። አፈሙዙ ደረቴ ላይ ነው።

"ማንን አሻገርህ?"

"ማንንም!"

"ብቻህን ሄድህ። ሁለት ሁናችሁ ተመለሳችሁ።"

"አያ አለበል፣ በእመቤቴ..."

"አሁን ካጠገብህ የወረደውስ?"

ወደ ግራዬ ዞርኩ።

"ቁም!" ብሎ ጮኸ። ለእኔ አልነበረም። አፈሙዙ ከደረቴ ላይ ተነሳ። ቀስ እያለ ወደ ግራ ሄደ። በሰው እርምጃ ልክ... ቀስ... ቀስ...

እኔና ያየህ አፈሙዙን በዓይናችን ተከተልነው። ከፊቱ አሸዋ ብቻ ነው ያለው።

አፈሙዙ ከአሸዋው ዳር ወዳለው የሾላ ዛፍ ጥላ ዞረ። አቶ ገብረ ሕይወት ተቀምጠው ይጽፋሉ። እዚያ ቆመ።

"ተቀመጠ" አለ አለበል። ድምፁ ተለውጧል። "አጠገባቸው ተቀመጠ።"

"ምን ይመስላል?" አልኩት።

"እንጃ... ከወረደ ጀምሮ ጀርባውን ነው የማየው።" ምራቁን ዋጠ። "በየት በኩል ቢዞርም... ጀርባውን ነው የማየው።"

ምንሽሩን ዝቅ አደረገና አማተበ።

አቶ ገብረ ሕይወት ቀና ብለው አዩን። መሣሪያው ወደ እሳቸው ዞሮ እንደነበር ያወቁ አይመስለኝም።

"ምን ትገተራላችሁ? ተሠራ?"

እኛ የምናየው ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

"ፈሪ ሁሉ! እኔው ራሴ እነዳታለሁ!" ብለው እየተቆጡ ወደ ጀልባዋ ሄዱ።

"ተነሳ" አለ አለበል በጆሮዬ። "አብሯቸው ተነሳ..."

ላስቆማቸው እችል ነበር። "ጌታዬ፣ ይተዉት" ማለት ሁለት ቃል ነው። አፌ አልተከፈተም። ፈርቼ ይሁን፣ ስለዛቱብኝ ይሁን... እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

የማስነሻውን ገመድ ሳቡት። በአንዴ ተነሳ። ነዳጁን እስከ ጥግ ሰጡት።

አሥር ቆጠርኩ። ሃያ። ሠላሳ።

ሞተሩ አልደከመም። በሕይወቴ እንደዚያ ጤነኛ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጀልባዋ ከውሃው በላይ የምትሄድ ትመስል ነበር። የወንዙን ኩርባ ዞረች።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ቀስ እያለ አልነበረም። በቢላ እንደተቆረጠ ነው።

ሦስታችንም በቋጥኙ ላይ ሮጥን። ኩርባው ላይ ስንደርስ ያየህ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

ጀልባዋ መሀል ወንዝ ላይ ቆማለች። መልሕቅ የላትም። ወራጁ ውሃ በግራና በቀኟ ይነጉዳል፤ እሷ ግን አትንቀሳቀስም።

አቶ ገብረ ሕይወት መሀል መቀመጫው ላይ ናቸው። ይናገራሉ። ቀስ ብለው፣ በትሕትና...

"እሺ ጌታዬ... ይቀመጡ... እሺ..."

ከእሳቸው ጋር በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ለማንም ሰው እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"አቶ ገብረ ሕይወት!" ብዬ ጮኽኩ።

አልዞሩም። ቦታ ለመልቀቅ ትንሽ ጠጋ አሉ።

"ይቀመጡ ጌታዬ..."

እንደገና ጠጋ አሉ።

እንደገና...

ጠርዙ ላይ ደረሱ። ከዚያ በላይ የሚጠጉበት ቦታ አልነበረም።

"እሺ" አሉ።

ጠጋ አሉ።

ውሃው ሲውጣቸው ድምፅ አላሰማም። ክብ እንኳ አልሠራም።

ሞተሩ እንደጠፋ ነው። ነፋስም የለም።

ጀልባዋ ግን... ቀስ ብላ... ወራጁን ውሃ እየሰነጠቀች... አፍንጫዋን ወደ እኛ አዞረች።